የእጅ ነርቮች የአልትራሳውንድ ምርመራ፦ ምን ያሳያል፣ ምንስ አያሳይም?

ጣቶችዎ ሌሊት እየደነዘዙ ከእንቅልፍዎ ያነቁዎታል? ትንሿ ጣትዎ እንደ ባዕድ ዕቃ አልሰማ ብላዎታለች? ወይስ ከአደጋ በኋላ እጅዎ አልነሣ ብሎዎታል? ሐኪምዎ እንዲህ ላሉ ችግሮች የነርቭ አልትራሳውንድ ሊያዝልዎት ይችላል። ብዙ ሰው አልትራሳውንድን የሚያውቀው በእርግዝና፣ በኩላሊት ወይም በሐሞት ከረጢት ምርመራ ስለሆነ ለእጅ ሲታዘዝ ግራ ይጋባል። ይህ ጽሑፍ ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ፣ ውጤቱ ምን ማለት እንደሆነና ከውጤቱ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለብዎ ያስረዳል።

በአጭሩ

• የነርቭ አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ አማካኝነት ከአንገት ሥር እስከ መዳፍ የሚወርዱትን ነርቮች በምስል የሚያሳይ ምርመራ ነው።
• ጨረር የለውም፤ በመርፌ መወጋትም ሆነ መጾም አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል።
• የሚያሳየው የነርቩን ቅርጽ ነው፦ ማበጡን፣ መጨመቁን፣ መቆረጡን። ነርቩ ምን ያህል እንደሚሠራ ግን አይለካም።
• ስለዚህ አልትራሳውንዱ ደህና ነው ከተባሉ በኋላ ምልክቱ ከቀጠለ ጉዳዩ አልተዘጋም፤ ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ።
• የነርቭ ጉዳት በጊዜ ካልታከመ ጡንቻው ከስቶ ሊቀር ይችላል። የእጅ መድከም ከመደንዘዝ የበለጠ ያስቸኩላል።

የእጅ ነርቮች የትኞቹ ናቸው?

በዕለት ተዕለት ንግግር ነርቭ፣ ጅማትና የደም ሥር ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። የደም ሥር ደም ያመላልሳል። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር አያይዞ ይጎትታል። ነርቭ ደግሞ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ መልእክት ያስተላልፋል፤ የአንጎልን ትእዛዝ ወደ ጡንቻ፣ የቆዳን ስሜት ደግሞ ወደ አንጎል ያደርሳል። ነርቭ ሲጎዳ መደንዘዝ፣ መውረር፣ ማቃጠል፣ መንዘር ወይም መድከም የሚከተለው ለዚህ ነው።

የእጅ ነርቮች ከአንገት አካባቢ ከኅብለ ሰረሰር በ5 ዋና ዋና ሥሮች ይወጣሉ። እነዚህ ሥሮች ከአንገት ጎን፣ ከአጥንተ ትከሻ በታችና በብብት ውስጥ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ብራኪያል ፕሌክሰስ የሚባለውን የነርቭ መረብ ይሠራሉ። ከመረቡ ወጥተው ወደ ክንድ ከሚወርዱት ነርቮች መካከል በምርመራ ላይ ስማቸው በብዛት የሚነሣው 3ቱ ናቸው፦

ሚዲያን ነርቭ፦ በክንድ መሃል ወርዶ፣ በእጅ አንጓ ላይ ካርፓል ተነል በሚባል ጠባብ መተላለፊያ ከ9 ጅማቶች ጋር ተጣብቦ ወደ መዳፍ ይገባል። የአውራ ጣት፣ የሌባ ጣት፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ስሜት የእርሱ ነው።

አልናር ነርቭ፦ ከክርን በስተኋላ በውስጠኛው ጎን፣ ከቆዳ ሥር ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። ክርንዎ ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝርዎ እርሱ ነው። የትንሿን ጣትና የቀለበት ጣትን ግማሽ ስሜት ይይዛል፤ በመዳፍ ውስጥ ያሉትን አብዛኞቹን ትናንሽ ጡንቻዎችም ያንቀሳቅሳል።

ሬዲያል ነርቭ፦ የላይኛውን የክንድ አጥንት ከኋላ ተጠምጥሞ ይወርዳል። ዋና ሥራው የእጅን አንጓና ጣቶችን ወደ ላይ ማንሣት ነው። ሲጎዳ እጅ ከአንጓው ጀምሮ ወደ ታች ይንጠለጠላል።

የትኛው ጣትዎ እንደሚደነዝዝ በትክክል መናገርዎ መርማሪው ከየት እንደሚጀምር ይጠቁመዋል። ወደ ምርመራ ከመሄድዎ በፊት ለጥቂት ቀናት ይህንን ልብ ብለው ይከታተሉ።

ምርመራው እንዴት ይሠራል?

ፕሮብ የሚባለው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ የሰው ጆሮ የማይሰማው የድምፅ ሞገድ ወደ ሰውነት ይልካል። ሞገዱ ከጡንቻ፣ ከጅማት፣ ከአጥንትና ከነርቭ እየነጠረ ሲመለስ ማሽኑ ወደ ምስል ይቀይረዋል። ጆሯችን የሚሰማው በሰከንድ እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረት ነው፤ ለእጅ ነርቮች የሚያገለግለው ፕሮብ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ12 እስከ 18 ሚሊዮን ንዝረት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠቀማል።

ይህ ቁጥር ለእርስዎም ትርጉም አለው። ንዝረቱ በጨመረ ቁጥር ምስሉ ይጠራል፣ ነገር ግን ወደ ጥልቀት አይዘልቅም። የእጅ ነርቮች በአብዛኛው ከቆዳ ሥር ቅርብ ስለሆኑ ለዚህ ዓይነቱ ፕሮብ ይመቻሉ። ለሆድና ለእርግዝና የሚያገለግለው ጠመዝማዛ ፊት ያለው ፕሮብ ግን ወደ ጥልቀት ለማየት የተሠራ ስለሆነ ቀጭን ነርቭን አጥርቶ አያሳይም። በመሆኑም አልትራሳውንድ ማሽን ያለበት ቦታ ሁሉ የነርቭ ምርመራ ይሠራል ማለት አይደለም። ማዘዣውን ይዘው ከመሄድዎ በፊት በስልክም ቢሆን «የእጅ ነርቭ አልትራሳውንድ የሚሠራ ባለሙያ አላችሁ?» ብለው ቢጠይቁ ከምልልስና ከአላስፈላጊ ወጪ ይድናሉ።

ጤናማ ነርቭ በምስሉ ላይ ተቆርጦ ሲታይ የማር እንጀራ ይመስላል፦ በነጫጭ ድንበሮች የተከበቡ ብዙ ጥቋቁር ነጠብጣቦች። ነርቩ ሲጨመቅ ከተጨመቀበት ቦታ ከፍ ብሎ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ የማር እንጀራ መልኩንም ያጣል።

በምን ሁኔታ ይታዘዛል?

• የጣቶች መደንዘዝ ወይም መውረር፣ በተለይ ሌሊት የሚብስና እጅን ሲያራግፉት የሚቀል ከሆነ
• የእጅ መድከም፦ ዕቃ ከእጅ መውደቅ፣ ቁልፍ መቆለፍ ወይም ቁልፍ ማዞር ማቃት
• በአውራ ጣት ሥር ወይም በአውራና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ መክሳት
• ከስለት፣ ከመስታወት፣ ከጥይት ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የሚመጣ ስሜት ማጣት ወይም መድከም
• ከአጥንት ስብራት፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከመርፌ በኋላ የታየ የነርቭ ምልክት
• በነርቭ መንገድ ላይ የሚዳሰስ እብጠት፣ በተለይ ሲነካ የሚነዝር ከሆነ
• የነርቭ ፍጥነት መለኪያ ምርመራ ችግር መኖሩን አሳይቶ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲቀር

ከምርመራው በፊት ምን ላዘጋጅ?

ልዩ ዝግጅት የለውም። መብላት፣ መጠጣትና መድኃኒትዎን መውሰድ ይችላሉ። እጅጌው በቀላሉ እስከ ትከሻ የሚሰበሰብ ልብስ ይልበሱ፤ ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት ያውልቁ። ከዚህ ቀደም የተሠራ ማንኛውም ውጤት ካለዎት ይዘው ይሂዱ፤ ራጅም ቢሆን፣ የነርቭ ፍጥነት ምርመራም ቢሆን፣ የቀዶ ሕክምና ማስረጃም ቢሆን።

ለመርማሪው አስቀድመው ይንገሩ፦ የስኳር ሕመም፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር ወይም የመገጣጠሚያ ብግነት ካለብዎት፤ ነፍሰ ጡር ከሆኑ፤ ክንድዎ ተሰብሮ ወይም ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት ከሆነ፤ በሚመረመረው ቦታ ላይ ቁስል ካለ። ሥራዎንም ይንገሩ። ልብስ በእጅ ማጠብና መጭመቅ፣ ሊጥ ማቡካት፣ ሽመና፣ ስፌት፣ ፀጉር መሥራት፣ ክርንን በመስኮት ጠርዝ ላይ አስደግፎ ረጅም ሰዓት መንዳት፣ ሁሉም ለምርመራው ፍንጭ ይሰጣሉ።

በውጭ አገር የሚኖሩና ምልክትዎን በአገሩ ቋንቋ ለማስረዳት የሚቸገሩ ከሆነ ቀጠሮ ሲይዙ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ለምሳሌ በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት የገንዘብ ድጋፍ የሚያገኙ ሆስፒታሎች አስተርጓሚን ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። «መደንዘዝ» እና «መድከም» ለሐኪሙ የተለያየ ትርጉም ስላላቸው በትክክል መተርጎማቸው ትልቅ ዋጋ አለው።

በምርመራው ጊዜ ምን ይደረጋል?

ተቀምጠው ወይም ተኝተው እጅዎን ትራስ ላይ ያሳርፋሉ። መርማሪው ቀዝቀዝ የሚል ጄል ቀብቶ ፕሮቡን በቀስታ ያንሸራትታል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ነርቩን ከእጅ አንጓ ጀምሮ ወደ ላይ፣ እንደ አስፈላጊነቱም እስከ ብብትና አንገት ድረስ እየተከተለ በየቦታው ስፋቱን ይለካል።

በመካከል ጣቶችዎን እንዲያጥፉና እንዲዘረጉ ወይም ክርንዎን እንዲያጥፉ ሊጠየቁ ይችላሉ። የአልትራሳውንድ አንዱ ብልጫ ይህ ነው፤ ነርቩ እጅ ሲንቀሳቀስ ምን እንደሚሆን በዓይን ይታያል። ደህና የሆነው እጅዎም ቢታይ አይገረሙ፤ ሁለቱን ማነጻጸር የተለመደ ነው።

ምርመራው አያምም። የታመመው ቦታ ላይ ፕሮቡ ጫን ሲል ሊነዝርዎት ይችላል፤ ይህንን ለመርማሪው ይንገሩት፤ ችግሩ ያለበትን ቦታ ለማግኘት ይረዳዋል። ሲጨርሱ ጄሉን ጠርገው ወደ ሥራዎ መመለስ ይችላሉ።

ምርመራው ምን ምን ችግሮችን ያሳያል?

1. የካርፓል ተነል ሕመም

ከእጅ ነርቭ መጨመቅ ሁሉ በብዛት የሚታየው ይህ ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል፤ በእርግዝና፣ በስኳር ሕመምና በእንቅርት ዕጢ መዳከም ጊዜም ይበዛል። በአልትራሳውንድ ላይ ሚዲያን ነርቭ ወደ መተላለፊያው ከመግባቱ በፊት አብጦ፣ ውስጥ ሲደርስ ደግሞ ተጨፍልቆ ይታያል። ብዙ የምርመራ ክፍሎች በእጅ አንጓ ላይ የነርቩ ስፋት ከ10 ካሬ ሚሊ ሜትር አካባቢ ካለፈ መጨመቅን ይጠረጥራሉ፤ ወሰኑ ከቦታ ቦታ በጥቂቱ ይለያያል።

ምርመራው ምክንያቱንም ሊያሳይ ይችላል፦ የጅማት ሽፋን ብግነት፣ ውኃ የቋጠረ እብጠት፣ ወይም ከመደበኛው ቦታ ወጣ ያለ ጡንቻ። በአንዳንድ ሰዎች ነርቩ ከተፈጥሮው ለሁለት የተከፈለ ነው ወይም አጠገቡ ተጨማሪ የደም ሥር አለ። ይህ በሽታ አይደለም፤ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ግን ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል።

2. በክርን ላይ የአልናር ነርቭ መጨመቅ

ክርንን አጥፎ የመተኛት፣ ስልክን ለረጅም ጊዜ ጆሮ ላይ የመያዝ ወይም ክርንን የማስደገፍ ልማድ ሊያባብሰው ይችላል። አልትራሳውንዱ ነርቩ የት ላይ እንዳበጠ ያሳያል፤ ክርን ሲታጠፍ ነርቩ ከጎድጓዳ ቦታው ተንሸራቶ የሚወጣ እንደሆነም ይታያል። መንሸራተቱ ብቻውን ግን በሽታ አይደለም፤ ምንም ምልክት በሌላቸው ሰዎችም ላይ ይገኛል።

3. የሬዲያል ነርቭ ጉዳትና ስብራት

ክንድን ከራስ ሥር ወይም ከወንበር ጠርዝ ጋር አጣብቆ ከባድ እንቅልፍ መተኛት ሬዲያል ነርቭን ተጭኖ እጅን ሊያንጠለጥል ይችላል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ በራሱ ይድናል። የላይኛው የክንድ አጥንት ሲሰበርም ይኸው ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ከስብራት ጋር ከመጣው ጉዳትም አብዛኛው በጊዜ ሂደት ይመለሳል። ወሳኙ ጥያቄ ግን ነርቩ ተወጥሮ ነው ወይስ ተቆርጧል? ወይስ በተሰበረው አጥንት መካከል ተቀርቅሯል? የሚለው ነው። አልትራሳውንድ ይህንን ለመለየት ይረዳል።

ክንድዎ ተሰብሮ እጅዎ ከተንጠለጠለ ወይም ከደነዘዘ ወደ ወጌሻ ሳይሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የተሰበረን ክንድ መጎተትና ማሸት የተጎዳን ነርቭ ይብሱን ሊጎዳ ይችላል፤ አጥብቆ ማሰር ደግሞ የደም ዝውውርን አቋርጦ እጅን እስከማሳጣት ሊያደርስ ይችላል።

4. የስለት፣ የመስታወትና የአደጋ ጉዳት

የቆዳው ቁስል ተሰፍቶ ቢድንም ከሥሩ ያለው ነርቭ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ጣትዎ ስሜት እንደሌለው ያስተዋሉት ቁስሉ ከዳነ በኋላ ከሆነ «ጊዜ ሲሰጠው ይመጣል» ብለው ብቻ አይቀመጡ። በዚህ ጊዜ አልትራሳውንድ ልዩ ጥቅም አለው። የተቆረጠ ነርቭ ከቁርጡ በታች ያለው ክፍል ለጥቂት ቀናት ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን ስለሚቀጥል የነርቭ ፍጥነት ምርመራ በመጀመሪያው ሳምንት ሊያሳስት ይችላል፤ የጡንቻ ምርመራውም ሙሉ መልስ ለመስጠት 3 ሳምንት ያህል ይፈልጋል። አልትራሳውንድ ግን የነርቩ ጫፎች መለያየታቸውን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ሊያሳይ ይችላል።

ጊዜው ለምን ያስጨንቃል? የተሰፋ ነርቭ የሚያድገው በቀን በግምት 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከጡንቻው በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ የተቆረጠ ነርቭ እስኪደርስ 10 ወር ያህል ይፈጃል ማለት ነው። ጡንቻ ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር ያለ ነርቭ ከቆየ በኋላ ነርቩ ቢደርስም መልሶ መሥራቱ አጠራጣሪ ነው። በመጠበቅ የባከነ እያንዳንዱ ወር ከዚህ ላይ ይቀነሳል።

5. የብራኪያል ፕሌክሰስ ጉዳት

በሞተር ብስክሌት አደጋ ወይም ትከሻን በሚመታ ውድቀት፣ በሕፃናት ላይ ደግሞ በከባድ ምጥ ጊዜ ይከሰታል። ከአንገት ጎን ያሉት የላይኞቹ ሥሮች በአልትራሳውንድ በደንብ ይታያሉ። ከአጥንተ ትከሻ ሥር ያለው ክፍልና ወደ አከርካሪው የሚጠጋው የሥሮቹ መነሻ ግን በአጥንት ስለሚጋረዱ ኤም.አር.አይ ያስፈልጋል።

6. ሥጋ ደዌ

በኢትዮጵያ ይህ በሽታ ዛሬም አለ፤ ነርቭንም ቀድሞ ከሚያጠቁ በሽታዎች አንዱ ነው። በተለይ አልናር ነርቭ ከክርን ከፍ ብሎ ይወፍራል። አልትራሳውንድ ውፍረቱን ይለካል፤ በነርቩ ውስጥ የደም ዝውውር መጨመሩን በማሳየትም ብግነት መኖሩን ሊጠቁም ይችላል። በቆዳዎ ላይ ስሜት የሌለው የነጣ ወይም የቀላ ምልክት ካለና እጅዎ ከደነዘዘ፣ ወይም ትኩስ ነገር ሳይታወቅዎ የሚያቃጥልዎ ከሆነ ሳያፍሩ ይመርመሩ። ሥጋ ደዌ በመድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም ያለ ክፍያ ይሰጣል። አዲስ የመጣ የነርቭ ጉዳት በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ ሲታከም የመመለስ ዕድሉ የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ተመሥርቶ በአዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ አካባቢ የሚገኘው አለርት በዚህ ሕክምና ረጅም ልምድ ያለው ሆስፒታል ነው።

7. የነርቭ እብጠቶች

በነርቭ ላይ የሚወጣ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። አልትራሳውንድ እብጠቱ ከነርቩ ጋር የተያያዘ መሆን አለመሆኑን ያሳያል። ይህ ሳይጣራ «ትንሽ እባጭ ናት» ተብሎ ቢወጣ ነርቩ አብሮ ሊቆረጥ ይችላል፤ ስለዚህ ሲነካ የሚነዝርን እብጠት ምስል ሳይታይ አያስወጡ።

ምርመራው የማያሳየው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ገደብ፣ አልትራሳውንድ ቅርጽን እንጂ ሥራን አያሳይም። የመብራት ሽቦ በዓይን ሲታይ ሙሉ ሆኖ ኤሌክትሪክ ላያስተላልፍ እንደሚችል ሁሉ፣ በምስል ደህና የሚመስል ነርቭ መልእክት ላያደርስ ይችላል። በተለይ ቀለል ባለ ወይም ገና በጀመረ ካርፓል ተነል የነርቩ ስፋት መደበኛ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ነርቩ ሰፋ ብሎ ታይቶ ምንም ሕመም የሌለው ሰው አለ።

ሁለተኛው፣ መነሻው አንገት ውስጥ የሆነን ችግር አያሳይም። የአንገት ዲስክ የነርቭ ሥርን ሲጫን እጅ ሊደነዝዝ ይችላል፤ ይህ የሚታየው በኤም.አር.አይ ነው። የአንገት ሕመም ካለብዎ ወይም አንገትዎን ሲያዞሩ እጅዎ የሚነዝር ከሆነ ሳይጠየቁም ቢሆን ይናገሩ።

ሦስተኛው፣ ውጤቱ በመርማሪው ችሎታና ልምድ ላይ ይመሠረታል። ነርቭንና ጅማትን መለየት ልምምድ ይጠይቃል። በጣም ያበጠ እጅ ወይም ትልቅ ጠባሳም ምስሉን ያደበዝዛል።

አራተኛው፣ ሁለቱም እጆችና እግሮች አብረው የሚደነዝዙ ከሆነ ችግሩ የአንድ ቦታ መጨመቅ ላይሆን ይችላል። የስኳር ሕመም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ብዙ አልኮል መጠጣትና አንዳንድ መድኃኒቶች ነርቮችን በጅምላ ይጎዳሉ። በዚህ ጊዜ የደም ምርመራ ከአልትራሳውንድ ይቀድማል።

ከሌሎች ምርመራዎች በምን ይለያል?

የነርቭ ፍጥነት መለኪያና ኢ.ኤም.ጂ፦ ነርቩ መልእክትን በምን ፍጥነትና ጥንካሬ እንደሚያስተላልፍ፣ ጡንቻውም ነርቭ እንዳለው ወይም እንደሌለው ይለካሉ። ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት፣ ለኢ.ኤም.ጂ ደግሞ ቀጭን መርፌ ስለሚጠቀሙ መጠነኛ ሕመም አላቸው። አልትራሳውንድ «የት? ለምን?» ለሚለው፣ እነዚህ ደግሞ «ምን ያህል ተጎዳ?» ለሚለው ይመልሳሉ። አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ይደጋገፋሉ።

ኤም.አር.አይ፦ በጥልቅ ያሉ ነርቮችን፣ አከርካሪንና ኅብለ ሰረሰርን ያሳያል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ጊዜም ይወስዳል፤ በሰውነታቸው ውስጥ አንዳንድ የብረት ወይም የኤሌክትሪክ መሣሪያ ላላቸው ሰዎች ላይመች ይችላል። አልትራሳውንድ ይህ ገደብ የለበትም።

ራጅ፦ አጥንትን እንጂ ነርቭን አያሳይም። «ራጅ ተነሥቼ ደህና ነው ተባልኩ» ማለት ስለ ነርቩ ምንም አይነግርም።

ውጤቱን እንዴት ልረዳ?

ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ሐኪምዎ ሲያስረዳዎ የሚሰሟቸው ዋና ዋና ቃላት የሚከተሉት ናቸው፦

• ክሮስ ሴክሽናል ኤሪያ፦ የነርቩ የተቆረጠ ገጽ ስፋት፤ በካሬ ሚሊ ሜትር ይጻፋል።
• ሬሾ፦ የነርቩ ስፋት በአንጓው ላይ፣ ከፍ ብሎ በክንዱ ላይ ካለው ስፋት ጋር ሲነጻጸር። ከ1.4 እጥፍ በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ መጨመቅን ይጠቁማል።
• ሃይፖኢኮይክ፦ ከመደበኛው የጠቆረ፤ በነርቭ ላይ ሲባል ማበጥን ሊያመለክት ይችላል።
• ኒውሮማ፦ የተጎዳ ነርቭ ለማደግ ሲሞክር የሚፈጥረው እብጠት። ካንሰር አይደለም።
• ዲስኮንቲኒዩቲ፦ የነርቩ መቆረጥ። ይህ ቃል ካለ ቀዶ ሐኪም ሳይዘገይ ሊያይዎት ይገባል።

ቁጥሩን ብቻ ይዘው በራስዎ አይፍረዱ። ከ10 በላይ ስለሆነ ቀዶ ሕክምና የግድ ነው፣ ከ10 በታች ስለሆነ ደግሞ ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። ውሳኔው የሚደረገው ምልክትዎ፣ የሐኪሙ ምርመራና ውጤቱ አንድ ላይ ታይተው ነው።

ከውጤቱ በኋላስ?

ቀለል ላለ የካርፓል ተነል ሕመም ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ ማሰር፣ የሥራ አያያዝን መለወጥና አንዳንዴም የስቴሮይድ መርፌ ይሞከራል። መርፌው በአልትራሳውንድ እየታየ ሲሰጥ ነርቩን ሳይነካ ትክክለኛው ቦታ ላይ ለማሳረፍ ይረዳል። በእርግዝና ምክንያት የመጣ ከሆነ ከወሊድ በኋላ ብዙ ጊዜ ይቀላል። ለክርኑ ችግር ክርንን አጥፎ አለመተኛትና አለማስደገፍ የመጀመሪያው ሕክምና ነው። መድከም ወይም የጡንቻ መክሳት ካለ ግን ቀዶ ሕክምና ቶሎ ይታሰባል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ በአልትራሳውንድ ላይ ነርቩ ለወራት አብጦ ሊታይ ይችላል። ምልክቱ እየቀለለዎት ከሆነ ይህ ብቻውን ቀዶ ሕክምናው አልተሳካም አያሰኝም።

በአስቸኳይ ወደ ሕክምና የሚያስሄዱ ምልክቶች

• ከአደጋ ወይም ከስብራት በኋላ እጅ ወይም ጣት መንቀሳቀስ ካቃተው
• ጀሶ ወይም ማሰሪያ ከተደረገ በኋላ ሕመሙ እየበረታ ከሄደ፣ ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከነጡ ወይም ከጠቆሩ፦ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው
• የእጅ መድከም ወይም መደንዘዝ በድንገት ከፊት መጣመም፣ ከንግግር መኮላተፍ ወይም ከእግር መድከም ጋር ከመጣ፦ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል አልትራሳውንድ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ
• መድከሙ በቀናት ውስጥ ከአንዱ እጅ ወይም እግር ወደ ሌላው እየተስፋፋ ከሄደ

ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት ይሆናል? አዎ። ጨረር ስለሌለው ለሁለቱም ይሠራል። ሕፃኑ በእናቱ እቅፍ ሆኖም ሊመረመር ይችላል።

በክንዴ ውስጥ ብረት አለ፤ ችግር ይፈጥራል? አይፈጥርም። ብረቱ ከሥሩ ያለውን ሊጋርድ ይችላል እንጂ ምርመራውን አይከለክልም። የልብ ምት ማስተካከያ ያላቸው ሰዎችም መመርመር ይችላሉ።

ሊደገም ይችላል? አዎ። ከጉዳት በኋላ የነርቩን መዳን ለመከታተል በየጥቂት ወሩ መድገም የተለመደ ነው።

ውጤቴ ደህና ነው ተባልኩ፤ እጄ ግን ይደነዝዛል። ምን ላድርግ? ውጤቱን ይዘው ወደ አዘዘልዎ ሐኪም ይመለሱና የነርቭ ፍጥነት ምርመራ፣ የአንገት ምርመራ ወይም የደም ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ።

ሐኪምዎን የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

• የተጎዳው የትኛው ነርቭ ነው? የት ቦታ ላይ?
• ነርቩ ተጨምቆ ነው ወይስ ተቆርጧል?
• ችግሩ ከአንገት ሊሆን ይችላል?
• የነርቭ ፍጥነት ምርመራ ያስፈልገኛል? መቼ?
• ያለ ቀዶ ሕክምና ምን ያህል ጊዜ መጠበቅ እችላለሁ? እየጠበቅሁ ሳለ ምን ምልክት ካየሁ ቶሎ ልመለስ?

ከሁሉ በላይ የመጨረሻውን ጥያቄ ሳይጠይቁ ከክፍሉ አይውጡ።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የቀረበ ነው፤ የሐኪምን ምርመራና ምክር አይተካም።